ራእዩና ርስቱ፦ የሩፐርትስበርግ የሴቶች ገዳም ራሱን የቻለበት ሂደት

የቢንገኗ ሂልደጋርድ ስሟ በብዙ ምክንያት ይነሣል። ዜማ ደርሳለች፣ ስለ ዕፀዋትና ስለ ደዌ ጽፋለች፣ ለነገሥታትና ለሊቃነ ጳጳሳት ደብዳቤ ልካለች፣ ራእይዋንም በመጽሐፍ አስቀምጣለች። ይህ ጥናት እነዚህን ለሌላ ጊዜ ትቶ አንድ ጉዳይ ብቻ ይመረምራል፤ እርሱም በ12ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አንዲት የጀርመን መኳንንት ልጅ፣ በወንዶች ገዳም ሥር ተጠግቶ ይኖር የነበረን አነስተኛ የሴቶች ማኅበር ይዛ ወጥታ፣ የራሱ መሬት፣ የራሱ ቤተ ክርስቲያንና የራሱ አስተዳደር ያለው ገዳም ለመመሥረት የቻለችበት መንገድ ነው። ገድሏ መልሱን ለራእይ ይሰጣል። ከዘመኑ የተረፉት ባለማኅተም ሰነዶችና ደብዳቤዎች ሲነበቡ ግን ራእዩ በሩን ከከፈተ በኋላ ገዳሙን ያጸናው፣ 10 ዓመት ያህል የፈጀ የርስት ክፍፍልና የውል ሥራ እንደሆነ ይታያል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

በዲሲቦደንበርግ የነበረው ሁኔታ

ሂልደጋርድ በ1098 ተወለደች። አባቷ ሂልደበርት እናቷም መክትሂልድ ይባላሉ፤ ወገናቸው በራይን ምዕራብ፣ በአልዛይ አቅራቢያ ባለችው በርመርስሃይም ርስት የነበረው ነጻ መኳንንት ነው። ወላጆቿ በ8 ዓመቷ ለእግዚአብሔር አገልግሎት ሰጧት፤ ኖቬምበር 1 ቀን 1112 ደግሞ የሽፖንሃይም ባላባት የሽቴፋን ልጅ ከሆነችው ከዩታ ጋር በዲሲቦደንበርግ ገዳም በዓት ተዘጋባቸው። ዲሲቦደንበርግ የግላን ወንዝ ከናሄ ወንዝ በሚገናኝበት ኮረብታ ላይ የቆመ፣ ከ1108 ጀምሮ በቅዱስ ቤኔዲክቶስ ሥርዓት፣ ማለትም በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን በታወቀው የምንኩስና ደንብ፣ የሚተዳደር የወንዶች ገዳም ነበር። የሴቶቹ በዓት ከገዳሙ ተጠግቶ የተሠራ ሲሆን፣ ዩታ በኖረችባቸው ዓመታት ሌሎች የመኳንንት ልጆች ተጨምረው ቀስ በቀስ ወደ ማኅበርነት አደገ። ዩታ ዲሴምበር 22 ቀን 1136 ስታርፍ እኅቶቹ ሂልደጋርድን መሪያቸው አድርገው መረጡ።

ለጉዳያችን ዋናው ነገር የሴቶቹ መሪ ምንም ሀብት በስሟ የማትይዝ መሆኗ ነው። አንዲት የመኳንንት ልጅ ወደ በዓቱ ስትገባ ወላጆቿ ከርስታቸው መሬት ወይም የወይን ቦታ ከፍለው ይሰጣሉ፤ ስጦታው የሚመዘገበው ግን በዲሲቦደንበርግ ስም ነው፤ የሚያዝዝበትም አበ ምኔቱ ነው። ለሴቶቹ የሚቀድሰው፣ የሚያናዝዛቸውና ለዕለት ኑሯቸው የሚያስፈልገውን የሚወስነው ሁሉ ከወንዶቹ ወገን የሚመጣ ነበር። ይህ አሠራር በዘመኑ እንግዳ አልነበረም፤ ማኅበሩ አነስተኛ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ቅሬታም ላያስነሣ ይችል ነበር።

ሁኔታውን የለወጠው ከ1141 በኋላ የሆነው ነው። ሂልደጋርድ የምታየውን እንድትጽፍ ታዝዣለሁ ብላ፣ በመነኩሴው በፎልማር ጸሐፊነት፣ 10 ዓመት የወሰደውን የመጀመሪያውን የራእይ መጽሐፏን ጀመረች። የማይንሱ ሊቀ ጳጳስ ሃይንሪሽ ነገሩን ሰማ፤ በ1147 መጨረሻና በ1148 መጀመሪያ የሮሙ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኤውጄንዮስ 3ኛ በትሪር ጉባኤ በተቀመጠ ጊዜም ጉዳዩ ወደ እርሱ ደረሰ። ገድሏ እንደሚለው፣ ጳጳሱ መርማሪዎችን ወደ ዲሲቦደንበርግ ልኮ ከጽሑፏ የመጣለትን ክፍል በጉባኤው ፊት አነበበ፤ በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው መነኩሴ የክሌርቮው በርናርዶስም በዚያው ተገኝቶ ደገፋት። ትረካው በገድል ጸሐፊ እጅ መድመቁ አይቀርም፤ ቢሆንም ሂልደጋርድ ከዚያ በኋላ የቤተ ክርስቲያን ከፍተኛ ባለሥልጣናት ያወቋት ሴት ሆነች። ዝናው እንግዶችን፣ ስለትንና የመሬት ስጦታን አመጣ፤ ልጆቻቸውን ወደ እርሷ ለመላክ የሚፈልጉ መኳንንትም በዙ፤ በዓቱም ጠበበ።

የመውጣቱ ጥያቄ

በዚያው ወራት ሂልደጋርድ የናሄ ወንዝ ወደ ራይን በሚገባበት ቦታ፣ በቢንገን ትይዩ ወዳለው ኮረብታ ከእኅቶቿ ጋር እንድትሄድ በራእይ መታዘዟን ተናገረች። ቦታው ሩፐርት የተባለ የመኳንንት ወገን ቅዱስ ዐፅም ያረፈበት ሲሆን ስሙንም ከእርሱ ወስዶ ሩፐርትስበርግ ይባላል። ከዲሲቦደንበርግ የናሄን ወንዝ ተከትሎ ሲወርዱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

አበ ምኔቱ ኩኖ እንቢ አለ። በገድሉ ውስጥ የልበ ደንዳናነት ምሳሌ ሆኖ የቀረበው ይህ ሰው፣ በእኔ አስተያየት፣ ከዚያ የተሻለ ሚዛን ይገባዋል። የዲሲቦደንበርግ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን የተባረከው በ1143 ነው፤ ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት ግንባታው የገዳሙን ገቢ ሲበላ ኖሯል። አሁን የገዳሙን ስም ያስጠራችው ሴት ሌሎቹን እኅቶች ይዛ ልትሄድ ነው፤ ከእኅቶቹም ጋር ቤተሰቦቻቸው የሰጡት ርስት ጥያቄ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። መነኮሳቱም ለምለሙን እርሻና የወይን ቦታ ትተው ውኃ ወደሌለበት ደረቅ ስፍራ መሄድ ምን ይሉታል ብለው ተከራከሩ። የቦታ ጽናት፣ ማለትም በገቡበት ገዳም ጸንቶ መኖር፣ በቤኔዲክቶስ ሥርዓት ከሚማሉት ቃል ኪዳኖች አንዱ በመሆኑ ኩኖ በሥርዓቱም በኩል የሚናገረው ነበረው።

ሂልደጋርድ አልጋ ላይ ወደቀች። ገድሏ ይህን ክፍል በዝርዝር ይተርከዋል፤ ኩኖ የሰማውን ሳያምን ራሱ ወደ ክፍሏ ገብቶ ራሷን በሁለት እጁ ሊያነሣ፣ ወይም ወደ ጎን ሊያዞራት ቢሞክር ምንም ሊያንቀሳቅሳት አልቻለም፤ እንደ ድንጋይ ከበደችበት። ከዚያ በኋላ ይህ የሰው ሕመም እንዳልሆነ አምኖ እንዳይቃወም ወሰነ ይላል። ሂልደጋርድ ዕድሜዋን ሁሉ በሽተኛ እንደነበረች ከራሷ ጽሑፍ ስለሚታወቅ ሕመሙን የምጠራጠርበት ምክንያት የለኝም። ሆኖም በዚያ ሥርዓት ውስጥ ያለች ሴት አለቃዋን አልታዘዝም ማለት ባትችልም፣ አልጋ ላይ ወድቃ ሁሉም ሰው ምክንያቱን እንዲጠይቅ ማድረግ ትችል እንደነበር ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ከሕመሙ ጎን ለጎን ሌላ መንገድ ተከፍቶ ነበር። የሽታደ ባላባት ሚስት የነበረችው ሪካርዲስ ልጇ ከሂልደጋርድ መነኮሳት አንዷ ናት፤ ይህች ሴት ወደ ማይንስ ሄዳ ሊቀ ጳጳስ ሃይንሪሽን አነጋገረች። ፈቃዱ የወጣው በእርሷ አማላጅነት ነው። የኮረብታው መሬት በከፊል የማይንስ ካቴድራል ካህናት፣ ጸሎት ቤቱ ያለበት ይዞታ ደግሞ በርንሃርድ የተባለ የሂልደስሃይም ባላባት ነበር፤ ሂልደጋርድ ቦታውን ከሁለቱም በግዢና በልውጥ አገኘች። ከለጋሾቹ መካከል የራይኑ ሀገረ ገዢ የሽታሌክ ሄርማን ይገኝበታል። መሬቱ ገና ከመጀመሪያው በመኳንንት ወዳጅነት ተገኝቶ፣ ወዲያው ግን በሕጋዊ ልውውጥ ወደ ማኅበሩ ስም እንዲዞር መደረጉ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ መሠረት ሆኗል።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በኮረብታው

በ1150 ገደማ ሂልደጋርድ ከመኳንንትና ከባለጸጋ ቤት የተወለዱ 20 ያህል ልጃገረዶችን ይዛ ወደ ሩፐርትስበርግ መጣች። እርሷ ራሷ ስለ ቦታው የጻፈችው ቃል በገድሉ ውስጥ ተጠብቋል፤ ከአንድ ሽማግሌ፣ ከሚስቱና ከልጆቹ በቀር ነዋሪም ሆነ መጠለያ አላገኘንም ትላለች። የለመዱትን ምቾት ያጡት እኅቶች ማጉረምረም ጀመሩ፤ አንዳንዶቹም ጥለዋት ሄዱ። በዙሪያው ያሉ ሰዎች በመኳንንት ልጆች ድህነት እየተሳለቁ፣ ይህች አላዋቂ ሴት ይህን ያህል ምሥጢር እንዴት ይገለጥላታል ይሉ ነበር። ሂልደጋርድ ራሷን በምድረ በዳ ሕዝቡ ካጉረመረሙበት ከሙሴ ጋር አነጻጽራለች።

ሥራው ግን አልቆመም። ሊቀ ጳጳሱ ሃይንሪሽ ቤተ ክርስቲያኑን በ1152 ባረከው፤ የመኳንንት ቤተሰቦችም በኮረብታው ላይ የመቃብር ቦታ እየጠየቁ ለዚያም ስጦታ ይሰጡ ጀመር። ስለ ቅዱስ ሩፐርት ገድል የጻፈችው ሂልደጋርድ ራሷ ናት፤ በገድሉ ውስጥ ሩፐርትና እናቱ በርታ በዚያ ስፍራ ሰፊ ርስት የነበራቸው፣ ኋላም ስፍራው በጠላት ወረራ ጠፍ የሆነባቸው ሰዎች ሆነው ቀርበዋል። አዲሱ ገዳም በዚህ መንገድ የጥንት ቅድስና ወራሽ ሆነ። ምእመናን እንደ ገድል ያነቡት ይህ ጽሑፍ፣ መሬቱን ለሚመኝ ጎረቤት ደግሞ የባለቤትነት ታሪክ ነበር።

ማኅበሩ ማንን ይቀበል ነበር የሚለው ጥያቄ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። በአንደርናኽ የነበረ የሴቶች ማኅበር መሪ የሆነችው ተንክስቪንድ፣ ትሕትና በሚመስል ነገር ግን ምላጭ በሆነ ቋንቋ ለሂልደጋርድ ደብዳቤ ጽፋለች። በበዓል ቀን መነኮሳትሽ ጠጉራቸውን ለቅቀው፣ እስከ ምድር የሚደርስ ነጭ የሐር ዐይነ ርግብ ለብሰው፣ በራሳቸው ላይ የወርቅ አክሊል ደፍተው፣ በጣታቸውም የወርቅ ቀለበት አድርገው ይዘምራሉ ሲሉ ሰማን፤ ደግሞም የምትቀበይው በትውልድ የከበሩትን ብቻ ነው፤ ጌታ ግን ለቤተ ክርስቲያን የመረጣቸው ዓሣ አጥማጆችንና ድሆችን ነበር ትላለች። ሂልደጋርድ ስለ ልብሱ ስትመልስ ድንግል እንደ ሚስት ራሷን እንድትሸፍን አልታዘዘችም አለች። ስለ ትውልዱ ደግሞ፣ ከብቱን ሁሉ፣ በሬውንና አህያውን፣ በጉንና ፍየሉን፣ ባንድ በረት የሚያጉር ማን ነው፣ እንዲህ ቢደረግ እርስ በርሳቸው አይዋጉምን የሚል መልስ ሰጠች።

ይህ መልስ በዛሬ አንባቢ ጆሮ ይሻክራል፤ ሊሻክርም ይገባል፤ ተንክስቪንድም በዘመኗ ያለች ሴት ሆና ሳለ ጥያቄውን ማንሣቷ፣ ዘመኑ እንዲህ ነበር የሚለውን ማስተባበያ ያዳክመዋል። ይሁን እንጂ መልሱ ከሃይማኖት ክርክር ሌላ የሒሳብ ምክንያትም እንዳለበት መዘንጋት የለበትም። ንጉሥ ያልመሠረተው፣ ሊቀ ጳጳስም ርስት ያልቆረሰለት ገዳም መሬት የሚያገኘው ልጆቻቸውን ከሚያስገቡ ቤተሰቦች ነው። ሩፐርትስበርግ የመኳንንት በር ብቻ ሆኖ የቆየው መሪዋ በሥርዓተ ትውልድ ታምን ስለነበረ ነው፤ ነገር ግን ያ እምነት ከገዳሙ የገቢ ምንጭ ጋር አንድም ቦታ ላይ አይጋጭም ነበር።

የወዳጅነት ዋጋ

ገዳሙ በመኳንንት ወዳጅነት ላይ መቆሙ ምን እንደሚያስከፍል በ1151 ታየ። በመጽሐፉ ሥራ የረዳቻትና ሂልደጋርድ እጅግ የምትወዳት፣ ከእናቷ ጋር አንድ ስም የነበራት ወጣቷ ሪካርዲስ፣ በሰሜን ጀርመን ለሚገኘው ለባሱም ገዳም እመ ምኔት ሆና ተመረጠች። ወንድሟ ሃርትቪግ የብሬመን ሊቀ ጳጳስ ነበር፤ ባሱምም በእርሱ ሥር ነበረች። በተመሳሳይ ወቅት የሪካርዲስ የእኅት ልጅ አደልሃይድ የጋንደርስሃይም እመ ምኔት ለመሆን ተጠራች። የሽታደ ቤተሰብ ልጆቹን ወደ ሂልደጋርድ የላከው ለዘለዓለም አሳልፎ ሊሰጣቸው አልነበረም፤ ሹመት ሲገኝ ሊመልሳቸው ነበር።

ሂልደጋርድ ተቃወመች። ለእናቲቱ፣ ለሃርትቪግና ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ጻፈች። ሊቀ ጳጳስ ሃይንሪሽ፣ ያ ፈቃዱን የሰጣት ሰው፣ ልጅቱን እንድትለቅ ሲያዝዛት የቀረቡት ምክንያቶች በእግዚአብሔር ፊት ዋጋ የላቸውም ብላ መልሳ፣ የሹመት ንግድ ነው እስከ ማለት ደረሰች። ሮምም በሩፐርትስበርግ በኩል አልቆመችም፤ በባሱም ሥርዓተ ምንኩስና በሚገባ የሚጠበቅ ከሆነ ሪካርዲስ እዚያው ትኑር ተባለ። ሪካርዲስ ኦክቶበር 29 ቀን 1152 አረፈች። ሃርትቪግ ለሂልደጋርድ በጻፈው ደብዳቤ እኅቱ ገዳምሽን በሙሉ ልቧና በእንባ ትናፍቅ ነበር፣ ሞት ባይቀድማት ወደ አንቺ ልትመለስ ነበር ብሎ አስታወቃት፤ እርሷም ቂም ሳትይዝ መለሰችለት።

ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ክፍል እንደ ፍቅርና ሐዘን ታሪክ ብቻ ይተርኩታል፤ ሐዘኑ እውነተኛ መሆኑን ደብዳቤዎቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ከምሥረታው ጉዳይ አንጻር ሲታይ ግን፣ በአማላጅ የተገኘ ነጻነት አማላጁ ሲዞር እንደሚናጋ አሳይቷታል። ሃይንሪሽ ራሱ በ1153 ከመንበሩ ተሻረ። በቃል የተሰጠው ፈቃድ ሁሉ የሰጪው ሥልጣን እስካለ ድረስ ብቻ የሚቆይ ነበር፤ የሩፐርትስበርግ ርስት ደግሞ አሁንም በዲሲቦደንበርግ መዝገብ ላይ ነው።

ክፍፍሉ

በ1155 ሂልደጋርድ ወደ ዲሲቦደንበርግ ተመለሰች፤ ለመኖር ሳይሆን ለመካፈል። በዚያን ጊዜም ታማ ነበር፤ ገድሏ እንደሚለው ሰዎች በእጃቸው ደግፈው በፈረስ ላይ አስቀመጧት፤ ጥቂት እንደሄደችም ብርታቷ ተመለሰ። በመነኮሳቱና በኩኖ ፊት የተናገረችው በኋላ ለእኅቶቿ በጻፈችው ውስጥ ይገኛል። ጭብጡ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ለሴቶቹ የተሰጠ ስጦታ የአንተም የወንድሞችህም አይደለም፤ ስፍራችሁ ግን መጠጊያ ይሁናቸው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የሚያገለግላቸውን ካህን፣ ማለትም ፎልማርን፣ ልትወስድባቸው ብትሞክር ከቤልሆር ልጆች ትቆጠራለህ የሚል ነው። በተቃውሞ ለሚጸኑትም የአማሌቅንና ቤተ መቅደሱን የዘረፈውን የአንጥያኮስን ስም አነሣችባቸው።

ከዚህ ንግግር በኋላ ያደረገችው ነገር ከንግግሩ የበለጠ ይናገራል። ሂልደጋርድ ከተሰጡት ርስቶች የሚበልጠውን ክፍል ለወንዶቹ ገዳም ተወች፤ በዚያም ላይ ቀላል ያልሆነ ገንዘብ ጨመረች። ምክንያቱንም ስትገልጽ፣ ወደ ፊት በእኛ ላይ የሚያጉረመርሙበት ቅሬታ እንዳይኖራቸው ነው ትላለች። በመለኮታዊ ቁጣ አስፈራርታ የመጣች ሴት መጨረሻ ላይ ከሚገባት በታች ተቀብላ ወጣች። ይህን ስምምነት በድካም የተደረገ ማፈግፈግ አድርጎ ማንበብ ይቻላል። እኔ ግን ከጠቅላላው ሂደት ሁሉ ብልኀት የታየበት እርምጃ ይህ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም የምትፈልገው የሚቆጠር መሬት ሳይሆን የማይከሰስ መሬት ነበር። ሙሉውን ርስት ይዛ ብትወጣ ኖሮ ዲሲቦደንበርግ በየትውልዱ የሚያነሣው ክርክር አያጣም ነበር፤ ትንሹን በጽሑፍና በክፍያ ተቀብላ ስትወጣ ግን ያ ትንሽ ለዘለቄታው የእርሷ ሆነ።

ኩኖ በዚያው ዓመት ሞተ፤ ሄለንገር ተተካ፤ ጉዳዩም የመጨረሻ ማኅተሙን ያገኘው ሜይ 22 ቀን 1158 የማይንሱ ሊቀ ጳጳስ አርኖልድ ባወጣቸው ሁለት ሰነዶች ነው። ሰነዶቹ የገዳሙን ይዞታ ዘርዝረው አጸደቁ፤ ከዲሲቦደንበርግ ጋር የተደረገውንም ክፍፍል መዘገቡ። እኅቶቹ መሪያቸውን ራሳቸው በነጻነት እንዲመርጡ ፈቀዱ። ዲሲቦደንበርግ ለሴቶቹ የሚያገለግሉ ካህናትን፣ እነርሱ የሚጠይቋቸውን፣ እንዲሰጥ፣ ለአስተዳደራቸው ግን እጁን እንዳያስገባ አዘዙ። ከዚህም ሌላ ገዳሙ ከሊቀ ጳጳሱ በቀር ጠባቂ ባላባት እንዳይኖረው ወሰኑ።

የመጨረሻው አንቀጽ ማብራሪያ ይፈልጋል። በዚያ ዘመን ካህናትና መነኮሳት ደም የሚያፈስስ ፍርድ ሊሰጡና ጦር ሊመሩ ስለማይገባቸው፣ አብዛኛው ገዳም በስሙ ችሎት የሚያስችል፣ ገበሬውን የሚዳኝና ርስቱን በሰይፍ የሚያስከብር ባላባት ይይዝ ነበር። ባላባቱ ለዚህ አገልግሎት ከገዳሙ ገቢ ድርሻ ይቀበላል፤ ሹመቱም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ከሁለትና ከሦስት ትውልድ በኋላ ገዳሙን የሚጠብቀው ሰው ገዳሙን የሚበላው ሰው ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነበር። ከመኳንንት ቤት የወጣችው ሂልደጋርድ መኳንንት በገዳም መሬት ላይ ምን እንደሚያደርጉ ከማንም በተሻለ ታውቅ ነበር፤ ልጆቻቸውን ተቀብላ፣ ስጦታቸውን ተቀብላ፣ ጠባቂነታቸውን ግን አልቀበልም አለች።

ኤፕሪል 18 ቀን 1163 ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ፍሪድሪሽ ባርባሮሳ በማይንስ ተገኝቶ ለሩፐርትስበርግ የጥበቃ ሰነድ ሰጠ፤ ሂልደጋርድ በዚህ ሰነድ እመ ምኔት ተብላ ተጠርታለች። ሦስት ዓመት አስቀድሞ ሊቀ ጳጳስ አርኖልድ በራሱ ከተማ ሰዎች እጅ በማይንስ ተገድሎ እንደነበር ሲታሰብ፣ በአንድ ጠባቂ ላይ ብቻ አለመደገፉ ለምን እንዳስፈለገ ግልጽ ነው። ፍሪድሪሽ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት አሌክሳንደር 3ኛ ላይ ተቃዋሚ ጳጳሳትን ደግፎ ቤተ ክርስቲያንን በከፈለበት ዘመን ሂልደጋርድ በብርቱ ቃል ገሥጻዋለች፤ የጥበቃ ሰነዱ ግን በገዳሙ እጅ ቀረ።

ማነጻጸሪያ፦ አይቢንገን

ከራይን ማዶ፣ ከሩደስሃይም አጠገብ በአይቢንገን፣ ማርካ የተባለች የመኳንንት ወገን የሆነች ሴት በ1148 ለወንዶችና ለሴቶች የሚሆን የአውግስጢኖስ ሥርዓት ገዳም መሥርታ ነበር። ምሥረታው ከሩፐርትስበርግ ጋር በዘመንም በአካባቢም አንድ ነው፤ መሥራቿም እንዲሁ ከመኳንንት ወገን ናት። ይሁንና የባርባሮሳ ጦር በአካባቢው ባደረሰው ጉዳት ገዳሙ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ባዶውን ቀረ። በ1165 ሂልደጋርድ ሕንጻውን ወስዳ አስጠገነችና 30 መነኮሳት የሚኖሩበት ሁለተኛ ቤት አደረገችው፤ በሳምንት ሁለት ጊዜም በጀልባ እየተሻገረች ትጎበኘው ነበር።

አንዱ ቤት ፈርሶ ሌላው ለምን ጸና ለሚለው የጦሩን መንገድ ብቻ ምክንያት ማድረግ ይቻላል፤ ጦር ያለፈበት ይፈርሳል። ነገር ግን ሩፐርትስበርግ በዚያው የጦርነት ቀጠና፣ በሁለት ወንዞች መገናኛ ላይ የነበረ ሲሆን፣ ከሁለት ዓመት በፊት የተሰጠ የንጉሠ ነገሥቱ ሰነድ በእጁ ነበር።

በ1177 ወደ ሩፐርትስበርግ የመጣው የዣምብሉው መነኩሴ ጊበር ያየውን ለወዳጁ ጽፏል። ገዳሙን የመሠረተው ንጉሥ፣ ጳጳስ ወይም ባለጸጋ ሳይሆን አንዲት ድኻ፣ እንግዳና ደካማ ሴት መሆኗ ይደንቀዋል፤ በ27 ዓመት ውስጥ ለ50 መነኮሳት የሚበቃ ገቢና ሕንጻ ማግኘቱም እንዲሁ። ሕንጻዎቹ የገነኑ ሳይሆኑ ሰፊና ለኑሮ የተመቹ ናቸው ይላል፤ በሥራ ቤቶቹም ሁሉ ውስጥ በቦይ የመጣ ውኃ ይፈስሳል። ውኃ የለሽ ደረቅ ቦታ ብለው የተከራከሩት የዲሲቦደንበርግ መነኮሳት ይህን ቢያዩ ምን ይሉ እንደነበር ማሰብ ደስ ይላል።

ሰነዱ ያልሸፈናቸው ቦታዎች

ነጻነቱ ሁለት ክፍተቶች ነበሩት፤ ሁለቱም በመሥራቿ ሕይወት ታዩ። የመጀመሪያው የካህኑ ጉዳይ ነው። ፎልማር በ1173 ሲያርፍ አበ ምኔት ሄለንገር ተተኪ አልሰጥም አለ። የ1158ቱ ሰነድ ግዴታውን ይደነግጋል፤ ቢሆንም የማይሰጥን አበ ምኔት ማን ያስገድደዋል የሚለውን አይመልስም። ሂልደጋርድ አቤቱታዋን እስከ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት አሌክሳንደር 3ኛ አደረሰች፤ ጳጳሱም በኮሎኝ የቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያን አለቃ የነበረው የእኅቷ ወይም የወንድሟ ልጅ ቬዘሊን ጉዳዩን እንዲያይ አደረገ፤ በመጨረሻም ጎትፍሪድ የተባለ መነኩሴ ተላከ። የገድሏን መጀመሪያ የጻፈው ይህ ሰው ነው። መሬቱን ከፍሎ መግዛት ይቻላል፤ ቅዳሴውን ግን ሴቶቹ ራሳቸው ሊቀድሱ ስለማይችሉ በዚህ በኩል የቀድሞው ገዳም እጅ አልተለቀቀም ነበር።

ሁለተኛው የከረረ ነው። በ1178 አንድ የመኳንንት ወገን የሆነ ሰው በሩፐርትስበርግ መቃብር ተቀበረ። ሰውየው ቀድሞ ተወግዞ የነበረ ሲሆን፣ ከመሞቱ በፊት ተናዝዞና ሥጋ ወደሙን ተቀብሎ ነበር። ሊቀ ጳጳስ ክርስቲያን በኢጣሊያ ስለነበረ በማይንስ የቀሩት የካቴድራሉ አለቆች ሬሳው ከተቀደሰው መሬት እንዲወጣ አዘዙ፤ እንቢ ካላችሁም አምልኮ ይታገድባችኋል አሉ። ሂልደጋርድ ሬሳውን አላወጣችም። በበትሯ በመቃብሩ ላይ የመስቀል ምልክት አድርጋ፣ ማንም ቦታውን ለይቶ ሬሳውን እንዳያወጣ የመቃብሩን ምልክት አጠፋች። እገዳው ወረደ፤ ደወሉ ዝም አለ፤ ሥጋ ወደሙ ቀረ፤ ጸሎተ ሰዓታትም በዜማ ሳይሆን በሩ ተዘግቶ በለሆሳስ እንዲነበብ ተወሰነ።

ሂልደጋርድ እገዳውን አክብራ፣ ውሳኔውን ግን ስትሟገት ቆየች። ለማይንስ አለቆች በጻፈችው ደብዳቤ ዜማ አዳም ከውድቀቱ በፊት ከመላእክት ጋር የተካፈለው ድምፅ እንደሆነ ታስረዳለች፤ የእግዚአብሔርን ምስጋና ያለ በቂ ምክንያት ዝም የሚያሰኙ ሰዎች በሰማይ ከመላእክት ምስጋና ጋር ኅብረት እንዳያጡ ትላቸዋለች። የኮሎኙ ሊቀ ጳጳስ ፊሊጶስ ከሟቹ ጋር በአንድ ጊዜ ከውግዘት የተፈታ አንድ ባላባት ምስክር አድርጎ አቀረበላት። በማርች 1179 ሊቀ ጳጳስ ክርስቲያን ከሮም ሆኖ እገዳው እንዲነሣ ጻፈ። ሂልደጋርድ ሴፕቴምበር 17 ቀን 1179 አረፈች።

ይህ ክርክርም በአንድ በኩል የምሥረታው ውጤት ነው። ከሊቀ ጳጳሱ በቀር ጠባቂ አይኑረን ብሎ መወሰን ከባላባቶች እጅ ያድናል፤ ሊቀ ጳጳሱ ራሱ ወይም በስሙ የሚያዝዙት ሲበድሉ ግን የሚከራከርለት ሌላ ኀይል አይኖርም። ሂልደጋርድ ይህን ክፍተት የደፈነችው በዝናዋ፣ በብዕሯና በሕይወቷ ሙሉ በሰበሰበቻቸው ወዳጆች ነው፤ እነዚህ ሦስቱ ወደ ተተኪዋ አይወረሱም።

ርስቱ ግን ተወረሰ። ሩፐርትስበርግ የስዊድን ጦር በ1632 እስካቃጠለው ድረስ ቆየ፤ መነኮሳቱ በኋላ ወደ አይቢንገን ተሻግረው፣ የዚያች እመ ምኔት የሁለቱንም ቤቶች ስም በማዕርጓ ይዛ ቀጠለች። የአይቢንገን ገዳም በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያን ንብረት ወደ መንግሥት ሲዛወር ተዘጋ፤ በ1857 ደግሞ የናሄ ሸለቆ ባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ የሩፐርትስበርግ ፍርስራሽ ተፈነዳ። ከአይቢንገን መንደር በላይ ከ1900 ጀምሮ የተሠራው አዲሱ የቅድስት ሂልደጋርድ ገዳም በ1904 መነኮሳትን ተቀበለ፤ እመ ምኔቶቹንም ከሂልደጋርድ ጀምሮ ይቆጥራል።